በቤት የሚማር ልጅና የእጁ ሥራ በባዛር

በቤቱ የሚማር ልጅ በገዛ እጁ የሠራውን ዕቃ ይዞ በሰፈር ባዛር ላይ ቢሸጥ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ይኸውስ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የልጅን ጉልበት መበዝበዝ የሚሆነው ከምን ላይ ሲደርስ ነው? የዛሬው ንግግራችን ይህን ለመግለጽ ነው።

በቤት ማስተማር ማለት ልጅን ወደ ተማሪ ቤት ሳይልኩ ንባቡንም ሒሳቡንም ወላጅ ራሱ ማስተማሩ ነው። ይህ አሠራር በሰፊው ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ጆን ሆልት የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1977 ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች የሚሆን መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ አሠራሩ በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ሆነ። እንደ ጀርመን ያሉ አገሮች ግን ልጅ ሁሉ ተማሪ ቤት እንዲገባ ያስገድዳሉ። በአሜሪካ በቤት የሚማሩ ልጆች ሻማ፣ ሹራብ ወይም የእንጨት መጫወቻ ሠርተው በሰፈር ገበያ ሲሸጡ ይታያሉ፤ ወላጆቻቸውም ይህን ከሒሳብ ትምህርት እንደ አንዱ ክፍል ይቆጥሩታል።

ስሙ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ስፌትና ፈትል ከእናት፣ ሽመና ከአባት ሲወረስ የኖረው ያለ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሙዳይ የምትሰፋ ልጅ ከመሐል ጀምራ ስትዞር ዙሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ የቀለሙ ጌጥ እንዲገጥም ዙሩን እኩል መክፈል ይገባታል። አንዱን ክፍል አስፍታ ሌላውን ያጠበበች እንደ ሆነ ጌጡ አይገጥምምና ፈትታ እንደ ገና ትጀምራለች። ይህ እንግዲህ የክበብና የክፍልፋይ ትምህርት ነው፤ መምህሩም ወስፌ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚመጣው በባዛሩ ነው። ለምሳሌ ያህል ልጅቱ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየሠራች በ100 ቀን 10 ሙዳዮች ሰፋች እንበል። ለስንደዶ፣ ለአክርማና ለቀለም 900 ብር፣ ለጠረጴዛ ኪራይ 300 ብር ብታወጣ ወጪዋ 1,200 ብር ነው። አንዱን በ200 ብር ሂሳብ 8ቱን ብትሸጥ 1,600 ብር ታገኛለች፤ ትርፏም 400 ብር ይሆናል። ዋጋውን ወደ 250 ብር ከፍ አድርጋ 6 ብቻ ብትሸጥ ግን የምታገኘው 1,500 ብር፣ ትርፏም 300 ብር ነው። ዋጋ ማስወደድ ሁልጊዜ ትርፍ ማብዛት አለመሆኑን በዚህ ትረዳለች።

ከዚህ በኋላ 400 ብሩን ለ100 ሰዓት ብታካፍለው የአንድ ሰዓት ድካሟ 4 ብር ብቻ ሆኖ ታገኘዋለች። ሣሩና ቀለሙ ዋጋቸውን አግኝተው ጉልበቷ ብቻ እንደ ረከሰ ታያለች። ይህን አንድ ጊዜ በገዛ ደብተሯ ያሰላች ልጅ፣ ሌላ ቀን ከባላገር ሴት ዘንድ መሶብ ስትገዛ ዋጋ የምታዋርደው ሁለት ጊዜ አስባ ነው።

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ አባት ልጁ ከጠረጴዛ ኋላ ቆማ ስትሸጥ ቢያይ የሚያፍርበት ጊዜ አለ። ይህ እፍረት ባለእጅን ከመናቅ የተወረሰ አሮጌ ሕመም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሰውን በሥራው ምክንያት መስደብን መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ነገር ግን ክብሩን ስናነሣ አደጋውንም መዘንጋት አይገባም። ሙያ ይማራሉ ተብለው ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሕፃናት ትምህርታቸውን ትተው ቀኑን ሙሉ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ መዋላቸው ብዙ ጊዜ የተመሰከረ ነገር ነው። ጉድለቱ ከሽመናው አይደለም፤ ሽመና የተከበረ ሙያ ነው። ጉድለቱ የልጁ ጊዜም የድካሙ ዋጋም የሌላ ሰው በመሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ ስለ ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ የተደነገገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 138 በ1991 ዓ.ም. ተቀብላለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 18 ዓመት ያልሞላውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትን አይፈቅድም። ይሁን እንጂ እናት ልጇን በቤቷ ስፌት ብታሰፋ ይህ ቅጥር አይባልምና የአሠሪና የሠራተኛ ሕግ ዓይን እስከ ጓዳ አይዘልቅም። በዚያ ቦታ ዳኛው ወላጅ ራሱ ነው።

ስለዚህ ወላጅ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ሥራው የወሰደው ከንባብ፣ ከጨዋታና ከእንቅልፍ የተረፈውን ሰዓት ብቻ ነውን? ዋጋውን የቆረጠው ማን ነው? ገንዘቡስ በማን እጅ ገባ? ሰዓቱ ትርፍ ሰዓት፣ ዋጋውም ገንዘቡም የልጁ ከሆኑ ያ ጠረጴዛ ተማሪ ቤት ነው። ካልሆኑ ግን ስሙን ትምህርት ብንለውም ልጁን ቀጥረነዋል፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ምክር እንጨምር። ወጪና ገቢ የሚጻፍበትን ደብተር ልጁ ራሱ ይያዝ። ገዥ መጥቶ ዋጋ ሲከራከረውም አባት ከኋላ ሆኖ በልጁ ፈንታ አይመልስ። ልጁ ጥቂት ቢያመነታ፣ አልፎም ቢከስር፣ ኪሳራው የጥቂት ብር ነው፤ መልሱን ከራሱ አፍ ማውጣቱ ግን ዕድሜውን ሁሉ ይጠቅመዋል።