ለመሬት ጥበቃ የሚወጣው ወጭ የማን ነው

በኮልፌና በእንጦጦ ግርጌ የሚታየው ባሕር ዛፍ፥ መንግሥትና ባለመሬት ወጭን ቢካፈሉ ምን ፍሬ እንደሚገኝ የሚመሰክር ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ሲያልቅ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፥ ዛፍ የተተከለበትም መሬት ግብር እንዳይከፈልበት አደረጉ። መንግሥት ግብሩን ተወ፤ ባለመሬቱ ጉልበቱን አወጣ፤ ዛፉም ለተከለው ሆነ። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል ተብሎ መከሰሱ እውነት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር የታሰበው ከተማ በቦታው የጸናው በእርሱ ጭምር ነው።

በደርግ ዘመን የመንግሥቱ ድርሻ እጅግ በዝቶ ነበር። ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ በወሎና በሌሎችም ደጋ አገሮች፥ ገበሬው እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተክል ለቀን ሥራው 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ከውጭ እርዳታ ይቀበል ነበር። ዳሩ ግን መሬቱም ዛፉም የእርሱ አልነበረም። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ፥ በብዙ ስፍራ እርከኑን ያፈረሰው፥ የተከለለውንም ደን የቆረጠው፥ ራሱ የሠራው ሰው ነው።

ከ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም፥ ጉልበት ላለው በሥራ፥ ለደካማው በነጻ፥ እህል ወይም ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል። በአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ደብተር መሰጠቱ ለዚህ ሥራ ትልቅ ድጋፍ ነው። በጋራ ኮረብታ ላይ ግን ደብተሩ አይደርስም። እንግዲህ የተሠራውን እርከን በኪሎ ሜትር ቆጥሮ የሚያቀርብ ሹም፥ በላዩ የበቀለውን ሣር ማን እንደሚያጭደው አብሮ ጽፎ ሊያቀርብ ይገባዋል።