የፉል ፍሬም ሌንሶች በዲጂታል ሚዲየም ፎርማት ካሜራ ላይ

የፉል ፍሬም ሌንስን በዲጂታል ሚዲየም ፎርማት ካሜራ ላይ መጠቀም ማለት ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ የተሠራን ሌንስ በአዳፕተር አማካኝነት ሰፋ ያለ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ መግጠም ነው። አዳፕተር በአንድ ጎኑ ካሜራውን፣ በሌላው ጎኑ ሌንሱን የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው። አብዛኞቹ የቆዩ ሌንሶች በዚህ መንገድ ይገጥማሉ። ሆኖም የገጠመ ሌንስ ሁሉ ሴንሰሩን እስከ ጥጎቹ ድረስ በምስል አይሸፍንም።

የሴንሰሩ መጠን

በፊልም ዘመን ሚዲየም ፎርማት የሚባለው ምስል ትልቅ ነበር፤ ለምሳሌ 6 በ6 የሚባለው ዓይነት ወደ 56 × 56 ሚሊሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆኑት ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስ እና ሃሰልብላድ ኤክስ1ዲ ግን ወደ 43.8 × 32.9 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር አላቸው። የፉል ፍሬም ሴንሰር መጠን 36 × 24 ሚሊሜትር ነው።

ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ሲለካ ፉል ፍሬም 43.3፣ የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር ደግሞ 54.8 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 11.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አንዳንድ የፉል ፍሬም ሌንሶች ትልቁንም ሴንሰር መሸፈን ይችላሉ። 53.4 × 40 ሚሊሜትር የሚደርስ ሴንሰር ባላቸው ሌሎች የሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች ላይ ግን ይህን የሚችሉት ሌንሶች ቁጥር ያንሳል።

የመግጠሚያ ርቀት

እያንዳንዱ የሌንስ ዓይነት ከፊልሙ ወይም ከሴንሰሩ በተወሰነ ርቀት ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ይሠራል። የድሮዎቹ ካሜራዎች በውስጣቸው የሚነሳና የሚወርድ መስታወት ስላለ ይህ ርቀት ረጅም ነው። በጂኤፍኤክስ ላይ መስታወት ስለሌለ ርቀቱ 26.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አዳፕተሩ የሚሞላው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፦

• ኒኮን ኤፍ፦ 46.5 ሚሊሜትር፤ የአዳፕተሩ ውፍረት 19.8
• ኤም 42 (በጥርስ የሚታሰር)፦ 45.46 ሚሊሜትር፤ ውፍረቱ 18.76
• ካኖን ኢኤፍ፦ 44 ሚሊሜትር፤ ውፍረቱ 17.3
• ካኖን ኤፍዲ፦ 42 ሚሊሜትር፤ ውፍረቱ 15.3
• ላይካ ኤም፦ 27.8 ሚሊሜትር፤ ውፍረቱ 1.1

አዳፕተሩ ከሚገባው በላይ ከወፈረ ሌንሱ በጣም ሩቅ ያለን ነገር አጥርቶ ማሳየት አይችልም። አንደኛው ጎኑ ከሌላው ከወፈረ ደግሞ የምስሉ አንድ ወገን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። ለአዳዲሶቹ ሶኒ ኢ (18 ሚሊሜትር) እና ኒኮን ዜድ (16 ሚሊሜትር) የተሠሩ ሌንሶች ርቀታቸው ከ26.7 ስለሚያንስ በተራ አዳፕተር በጂኤፍኤክስ ላይ አይሠሩም።

የምስል ክብ

ሌንስ የሚያሳርፈው ምስል ክብ ነው፤ ሴንሰሩ ከዚህ ክብ ውስጥ አራት ማዕዘን ቆርጦ ይወስዳል። የክቡ ስፋት ከ54.8 ሚሊሜትር ካነሰ የፎቶው አራት ጥጎች ይጠቁራሉ። አምራቾች ለፉል ፍሬም ሌንስ ዋስትና የሚሰጡት እስከ 43.3 ሚሊሜትር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ከሌንስ ሌንስ ይለያያል።

በአጠቃላይ ከ85 እስከ 135 ሚሊሜትር ያሉ ሌንሶች ከሰፊ ማዕዘን ሌንሶች የተሻለ የመሸፈን ዕድል አላቸው። ለሕንፃ ፎቶ የሚያገለግሉት ተንሸራታች ሌንሶች ደግሞ ከመጀመሪያውም በሰፊ ክብ የተሠሩ ናቸው፤ የካኖን ቲኤስ-ኢ 17 ሚሊሜትር ክብ 67.2 ሚሊሜትር ስለሆነ በትልቁ ሴንሰር ላይም ለመንሸራተት ቦታ ይተርፈዋል። ዙም ሌንስ በአንዱ የትኩረት ርቀት ሸፍኖ በሌላው ሊያጠቁር ይችላል።

ክቡን ማስፋት ሁልጊዜ አይቻልም። ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ጥቁረት የብርሃን ቀዳዳው ሲጠብብ ይቀንሳል፤ በሌንሱ አካል ተቆርጦ የሚመጣ ጥቁረት ግን አይጠፋም፣ እንዲያውም ጠርዙ ይበልጥ ይጎላል። የብርሃን መከለያና ወፍራም ማጣሪያም ጥቁረቱን ይጨምራሉ።

ለላይካ ኤም ዓይነት ካሜራዎች የተሠሩ ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች ሌላ ችግር አለባቸው። የኋላ መስታወታቸው ለሴንሰሩ በጣም ስለሚቀርብ ብርሃኑ ጥጎቹን የሚመታው በጣም አጋድሎ ነው። በዚህ ምክንያት ክቡ ቢበቃም ጥጎቹ ሊደበዝዙ ወይም ቀለማቸው ሊለወጥ ይችላል።

የእይታ ለውጥ

በሰፊው ሴንሰር ላይ ሌንሱ ሰፋ ያለ እይታ ይሰጣል። የትኩረት ርቀቱ በ0.79 ሲባዛ በፉል ፍሬም ላይ ተመሳሳይ እይታ የሚሰጠው ሌንስ ይገኛል፦ 50 ሚሊሜትሩ እንደ 40፣ 85 ሚሊሜትሩ እንደ 67 ያሳያል። ከኋላ ያለውን የማደብዘዝ ኃይሉም በዚያው መጠን ይጨምራል፤ የኤፍ 1.4 ሌንስ በፉል ፍሬም ላይ እንዳለ የኤፍ 1.1 ሌንስ ይሆናል። የሚያስፈልገው የብርሃን መጠን ግን አይለወጥም።

አሠራር

በጂኤፍኤክስ ላይ ካሜራው የቆየውን ሌንስ ስለማያውቀው «ያለ ሌንስ ማንሳት» የሚለውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። ትኩረትና የብርሃን ቀዳዳ በእጅ ይስተካከላሉ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች ቀዳዳቸው በኤሌክትሪክ ስለሚታዘዝ ኤሌክትሮኒክ አዳፕተር ይፈልጋሉ።

በኤክስ1ዲ ላይ መዝጊያው ያለው በካሜራው ሳይሆን በራሱ በሃሰልብላድ ሌንስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሌላ አምራች ሌንስ የሚሠራው በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ብቻ ነው። ይህ መዝጊያ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ የሚንቀሳቀስ ነገር ተዛብቶ ሊወጣ ይችላል፤ ለቆመ ነገር ግን ችግር የለውም።

ሙከራና መቁረጥ

አንድን ሌንስ ለመፈተን መከለያውንና ማጣሪያውን አውልቆ፣ ትኩረቱን በጣም ሩቅ ላይ አድርጎ ወጥ ብርሃን ያለውን ሰማይ ማንሳት ይበቃል። አንዱ ፎቶ ቀዳዳው ሙሉ ተከፍቶ፣ ሌላው በኤፍ 11 ይነሳል። ትኩረቱ ሩቅ ላይ የሚደረገው የብዙ ሌንሶች ክብ በዚያ ሁኔታ ስለሚጠብብ ነው፤ በቅርብ ሲነሳ የሸፈነ ሌንስ በሩቅ ሲነሳ ላይሸፍን ይችላል።

ጥጎቹ ከጠቆሩ የመጀመሪያው አማራጭ የካሜራው 35 ሚሊሜትር ቅንብር ነው፤ በጂኤፍኤክስ 50ኤስ ከ51 ሜጋፒክስል 30.5 ያስቀራል። በካሬ መቁረጥ ግን 38 ሜጋፒክስል ያስቀራል። የካሬው ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ 46.5 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሙሉውን ሴንሰር መሸፈን ያልቻለ ሌንስ እንኳ ካሬውን ሊሸፍን ይችላል።