በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ያረጀ ጥድና ዝግባ ሲቆረጥ

የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ከሩቅ የሚታወቁት ብዙውን ጊዜ ከጉልላታቸው በፊት በዛፎቻቸው ነው። ደቡብ ጎንደርን በመሳሰሉ አካባቢዎች ዙሪያው ሁሉ ለእርሻና ለግጦሽ ሲውል፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ተጠብቀው የቆዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ስለ ዛፍ ቆረጣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢዎች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛፍም ዕድሜ አለው። ደርቆ ወደ ቤተ መቅደሱ ጣሪያ ያዘመመ ጥድ፣ ወይም ምእመናን በሚያልፉበት በር ላይ ውስጡ የበሰበሰ ዝግባ፣ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። የሚቀረው ምርጫ በዕቅድ ይውረድ ወይስ በነፋስ የሚለው ብቻ ነው።

ሰበካ ጉባኤያት በቅድሚያ ሊገነዘቡት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን እንዲቆረጥ የምትፈቅደው ዛፍ የደረቀው፣ የበሰበሰው ወይም ያዘመመው ነው። በሙያው ዘንድ ደግሞ ለመቁረጥ እጅግ አደገኛ የሚባለው ዛፍ ይኸው ነው። የባሕር ዛፍ አጠና በመጥረቢያ የሚጥል ጎበዝ በየመንደሩ ይገኛል፤ ወርዱ አንድ ሜትር የሚጠጋ ሽማግሌ ጥድ ግን ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል።

ዛፉን አስቀድሞ መመርመር

ባለሙያ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ዛፉን ይዞራል። ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ደጋግሞ ይመታል፤ ጤነኛ እንጨት ድፍን ድምፅ ሲሰጥ፣ ውስጡ የተቦረቦረ ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የሐበሻ ጥድ ቀዩ መሐል እንጨቱ ምስጥን የሚቋቋምና መዓዛው የሚታወቅ ቢሆንም፣ ባረጁ ዛፎች ላይ ይህንኑ መሐል የሚበላ የፈንገስ በሽታ አለ። ዙሪያው ሕያው ስለሆነ ዛፉ አናቱ ለምልሞ እያለ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቅጠል መለምለም ብቻውን የጤንነት ማስረጃ አይደለም። የዝግባ እንጨት በአንጻሩ ከደረቀ በኋላ መበስበስን እምብዛም አይቋቋም፤ የደረቀ ጥድ ለዓመታት ቆሞ ሊቆይ ሲችል የደረቀ ዝግባ ግን ቶሎ ይዳከማል። በመሆኑም በሕንጻ አጠገብ የደረቀ ዝግባ ካለ ውሳኔውን ማዘግየት አይገባም።

ቀጥሎ የዛፉ ማዘንበል፣ የቅርንጫፎቹ ክብደት ያደላበት ወገንና በአናቱ ላይ የተንጠለጠሉ ደረቅ ቅርንጫፎች ይታያሉ። እነዚህ ቅርንጫፎች ግንዱ ሲነቃነቅ በቆራጩ ላይ ሊወርዱ ስለሚችሉ ቀላል ነገር አይደሉም።

ቁመቱንም ማወቅ ግድ ነው። ለዚህም ከዓይን እስከ ተዘረጋ እጅ ጭብጥ ያለውን ርቀት የሚያህል በትር ይበቃል። በሜዳማ ቦታ ክንድን ዘርግቶ በትሩን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያም የበትሩ ላይኛው ጫፍ ከዛፉ አናት፣ ታችኛው ጫፍ ከግንዱ ሥር ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከቆሙበት እስከ ግንዱ ያለው ርቀት የዛፉን ቁመት ያህላል። ከቆራጮቹ በቀር ማንም ሰው የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት፤ 30 ሜትር ለሚሆን ጥድ 60 ሜትር ማለት ነው።

ዛፍ እንዴት ይወድቃል?

ጤነኛ ዛፍ የሚጣለው በሁለት ቁርጦች ነው። በመጀመሪያ ዛፉ እንዲወድቅ በተፈለገበት ወገን አፍ የመሰለ የፊት ቁርጥ ይወጣል፤ ጥልቀቱም የግንዱን ወርድ ሩብ ያህል ነው። ከዚያም በተቃራኒው ወገን የኋላ ቁርጥ ይገባል። ይህ ቁርጥ ከፊተኛው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። በሁለቱ መካከል የወርዱን አንድ ዐሥረኛ የሚያህል እንጨት ሳይቆረጥ ይቀራል። ወርዱ 80 ሴንቲሜትር በሆነ ግንድ የፊት ቁርጡ 20፣ የሚቀረው እንጨት 8 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል።

የሥራው ሁሉ ምሥጢር ያለው በዚህች ባልተቆረጠች እንጨት ነው። እንደ በር ማጠፊያ ሆና ዛፉን ይዛ ወደ ተወሰነለት አቅጣጫ ታወርደዋለች። በኋላ ቁርጡ ውስጥ የሚመታው ሽብልቅ ደግሞ ዛፉ ወደ ኋላ ተመልሶ መጋዙን እንዳይነክስ ይረዳል፤ ወደ ፊትም ይገፋዋል። ማጠፊያዋን ጨርሶ የቆረጠ ሰው ግን ዛፉን ለዕድል አሳልፎ ሰጥቷል። ዛፉ መውደቅ ሲጀምር ቆራጩ አስቀድሞ በተመነጠረ መንገድ፣ ከአወዳደቁ ተቃራኒ ወደ ኋላና ወደ ጎን አግድም ይሸሻል። ከግንዱ ቀጥታ በስተኋላ መቆም አይፈቀድም፤ ጉቶውን ለቆ ወደ ኋላ የሚወረወር ግንድ ሰው ይገድላልና።

የደረቀውና ያዘመመው ለምን ይለያል?

የደረቀ እንጨት አይታጠፍም፤ ማጠፊያው ዛፉን ሳይመራ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውስጡ ባዶ በሆነ ግንድ ደግሞ ማጠፊያ የሚሆን እንጨት መሐሉ ላይ የለም። ክፉኛ ያዘመመ ዛፍ የኋላ ቁርጡ ሳያልቅ ከታች ወደ ላይ ተሰንጥቆ ግንዱ በቆራጩ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። በሕንጻ አጠገብ ያሉ እንዲህ ያሉ ዛፎች በአንድ ጊዜ አይጣሉም። ሊወጣበት የሚችል ጥንካሬ ካላቸው ባለሙያ በመታጠቂያና በገመድ ወጥቶ ከአናት ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ ያወርዳቸዋል። የበሰበሰ ዛፍ ላይ ግን ማንም መውጣት የለበትም፤ ሥራው ከአጠገቡ ካለ ጤነኛ ዛፍ ወይም ከመሣሪያ ላይ ይከናወናል።

ምእመናን ገመድ ይዘው ከፊት ለፊት ሆነው ዛፍ እንዲስቡ ማድረግም መቅረት አለበት። ገመዱ ከዛፉ ካጠረ ዛፉ የሚወድቀው በሳቢዎቹ ላይ ነው። መሳብ ካስፈለገም በረጅም ገመድ፣ ከአወዳደቁ መስመር ውጭ ሆኖ፣ በባለሙያው ትእዛዝ ይሁን።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ውሳኔው በችኮላ መሆን የለበትም። ሰበካ ጉባኤው የሚከተሉትን እንዲያሟላ እንመክራለን።

የሚቆረጠው ዛፍና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ በግንዱ ላይም ምልክት ይደረግ። አገር በቀል ዛፎች በሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው በመሆኑ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የወረዳው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠየቅ።

የቆራጩ ዋጋ በገንዘብ ይከፈል እንጂ በእንጨት አይሁን። ክፍያው ግንድ በሆነ ጊዜ ከደረቀው ይልቅ ጤነኛው ዛፍ ለቆራጩ ዋጋ ያወጣል፤ አንድ ዛፍ ተብሎ የተጀመረው ሥራም ሦስት ዛፍ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው የራስ መከላከያ፣ ሽብልቅና ረዳት ያለው መሆኑ ይረጋገጥ። ዛፉን ዞሮ ሳይመረምር ዋጋ የሚቆርጥ ሰው አይቀጠር። ነፋስ በሚበረታበት ጊዜና ሕዝብ በሚሰበሰብበት የሰንበትና የንግሥ ዕለት ሥራው አይካሄድ።

በመጨረሻም የነገው ዛፍ ይታሰብ። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የሚተካው በዘር ብቻ ነው። ጥድም ሆነ ዝግባ ወንዴና ሴቴ ዛፋቸው በአብዛኛው ለየብቻ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ አንድ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ከመቆረጡ በፊት ዘሩ መሰብሰብ ይኖርበታል። ችግኙም ከብት በማይደርስበት አጥር ውስጥ ይተከል። ዛሬ የምናወርደውን ጥድ ተክለውና ጠብቀው ያቆዩልን አባቶች ጥላውን አላዩት ይሆናል፤ እኛም ለማናያቸው ልጆች የምንተክለው በዚሁ መንፈስ ነው።