ከማኅበር የመጣች ቁራሽ

እናቴ በየወሩ በ16 ከኪዳነ ምሕረት ማኅበር ስትመለስ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ቋጥራ ትመጣ ነበር። «እንካ ልጄ፣ በረከት ናት» ትለኛለች። አንድ እጄ ስልኬ ላይ እንዳለ በሌላው ተቀብዬ እጎርሳለሁ። ማን ጋገረው? ማን መጣ? ማን ቀረ? ጠይቄ አላውቅም።

በቅርቡ ግን ጉልበቷ እምቢ አላት። ተራው ደግሞ የእኛ ሆነ። «እንግዶቹን አንተ ታስተናግዳለህ» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ «ከዳቦ ቤት ዳቦ፣ ከሱቅ ለስላሳ ገዝቼ ልገላገል» አልኳት። ሳቀችብኝ። ቀኑ ሲቃረብ አንዷ ጎረቤት ጌሾ፣ ሌላዋ ኮባ ይዛ ከች አለች። ማንም አልጠራቸውም።

ለማያውቅ ሰው፣ የጽዋ ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ ወይም በዓል ስም በየወሩ ተራ እየገቡ መዘከር ነው። ካህን ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፣ ይቆርሳል። ጠላው ይቀዳል። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ደጋሹ ይመረቃል፤ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ደጅ የቆመ የኔ ቢጤም ሳይቀምስ አይሄድም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ማየት የፈለገ ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ይሻገር። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተስሏል። ትረካው እንደሚለው 78 ሰው የበላ ነው። በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ የተጠማ በሽተኛ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ግን ሚዛን ላይ ከኃጢአቱ ሁሉ ከብዶ ተገኘ።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት፣ አብዛኛው ሰው ሙስሊም በሆነበት አገር፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «ስላመታን» የሚባል ማዕድ ይቀርባል። ጸሎት ይደረጋል፣ ጥቂት ይቀመሳል፣ የቀረው ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይወሰዳል። የሚወሰደውን ምግብ ምን ይሉታል? «በርካት»። ከዐረብኛው «በረካ» የመጣ፣ የእኛው «በረከት» ዘመድ ነው።

በዕለቱ ሁሉም እንደተቀመጠ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ መጀመሪያ የጠየቁት «ማን ቀረ?» ብለው ነው። ከ12ቱ የመጡት 7 ናቸው። አንዱ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሁለቱ አርጅተው ከቤት አይወጡም። ሁለቱ ደግሞ ኑሮው ከብዷቸው፣ ተራቸው ሲደርስ እንዳያፍሩ ብለው ቀርተዋል። ለዱቄትና ለጌሾ ያወጣሁትን ሳስብ አልፈረድኩባቸውም። ሙሴው ግን «ቆሎና ውኃም ይበቃል። ብቻ ሰው አይቅር፤ ሂዱና ንገሯቸው» አሉ።

እኔ የተላክሁት ካረጁት ወደ አንዷ ቤት ነው፤ ቁራሽ ተቋጥሮ ተሰጠኝ። እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙትና «እንዳስታወስከኝ አምላክ ያስታውስህ» ብለው መረቁኝ። እኔ ስንት ዓመት በአንድ እጄ ስቀበል እንደኖርኩ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ተመልሼ ስመጣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ተሰጥቶ ነበር። ሙሴውን «በእናቴ ቦታ እኔ ልግባ» አልኳቸው። ደብተራቸውን አውጥተው ስሜን ከስሟ ሥር ጻፉት።

በሚቀጥለው 16 ቁራሿን ቋጥሬ የምመለሰው እኔ ነኝ። ደጃፍ ላይ የምትጠብቀኝ ደግሞ እሷ ናት።