ቤተሰብ «ምንም የለብሽም» ሲል

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ባንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ሦስት ሠልጣኞች ነን። ከሦስታችን አንዷ ባለፈው ዓመት ኦቲዝም እንዳለባት በሐኪም ተነግሯታል። የትኛዋ እንደሆነች አንጠቅስም። ጽሑፉን ግን ከመለጠፉ በፊት አንብባው፣ ሁለት ቦታ ላይ «ይሄ እንዲህ አልነበረም» ብላ ሰርዛብናለች። ዛሬ የምንጽፈው ከምርመራው በኋላ ስለመጣው ጣጣ ነው፤ ይኸውም የገዛ ቤተሰብ «ውሸት ነው» ሲል ምን ይደረጋል?

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለበዓል አገሯ ስትሄድ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ሄደች። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አወጣችው። እናትዋ «የሰው ዓይን ነው ያረፈባት፣ ጠበል እወስዳታለሁ» አሉ። አባትዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው አጠፉትና «ይህን ለማንም እንዳታሳዪ፤ አስተማሪ ልትሆኚ አይደለም እንዴ? ማን ይቀጥርሻል?» አሏት። አጎቷ ደግሞ ሳቁ። «እኔም እኮ ጫጫታ አልወድም፤ እኔም የሰው ዓይን ማየት ይጨንቀኛል፤ እንግዲያስ እኔም አለብኝ በሉኛ!» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን ሌሊቱን አልተኛችም። ወደ ተቋሙ ስትመለስም ትምህርቱን ለማቋረጥ ማመልከቻ ጽፋ ነበር። እኛ መክረን አስቀረናት ብንል ደስ ባለን፤ እውነቱ ግን የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ምሳ ወጥተው ነበር።

እንግዲህ የቤተሰቡን ንግግር አንድ በአንድ ስንመለከተው፣ ከክፋት የመጣ ሆኖ አላገኘነውም። ያው አለማወቅም አለበት፤ ሁሉም ግን አለማወቅ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ «እዚህ ቤት ምንም አልነበረባትም፤ እዚያ ሄዳ ነው ያመጣችው» የሚለውን እንይ። ኦቲዝም ማለት ከልጅነት የሚጀምር የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ከሰው ጋር መግባባትን ይነካል፤ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ የዕለት ሥርዓት መለወጥን የመቻልን ነገር ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ እንደሚለው ምልክቱ በልጅነት ይጀምር እንጂ፣ ከሰውየው የሚጠበቀው ነገር ከአቅሙ በላይ እስኪሆን ድረስ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ጓደኛችን ያደገችው ጸጥ ባለ ግቢ ነው። የመኝታ ሰዓቷ፣ የምትቀመጥበት በርጩማ፣ የምትበላበት ሳህን ሳይቀር የታወቀ ነበር። ከዚያ ወጥታ ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ የሚተኛበት፣ ከአንዱ ስልክ ዘፈን ከሌላው ስልክ ስብከት የሚሰማበት ክፍል ገባች። (ስልኩ የኛ ነበር፤ ይህን እንመሰክራለን።) ስለዚህ እናትዋ አልዋሹም። በእሳቸው ቤት አልታየም፤ ቤቱ ሳያውቀው ተመችቷት ነበርና።

ሁለተኛው የእናት ነገር ነው። እናት እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲሰጣት ከመስመሮቹ መካከል «ምን አድርገሽ ነው?» የሚል ጥያቄ ታነባለች። ይህም በኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ በወላጆች ላይ ተደፍድፎ ነበር። በአሜሪካ ብሩኖ ቤትልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የልጁ ችግር ከእናት ፍቅር ማጣት እንደሚመጣ አድርጎ አስረዳ፤ እናቶችም «እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዙ» ተባሉ። በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቃውሞ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር 21 ጥንድ መንትዮችን መረመሩ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖራቸው፣ ከተለያየ እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ ላይ አልተገኘም። ነገሩ በዘር የሚወረድ ድርሻ እንዳለውና ከአስተዳደግ ጥፋት እንዳልሆነ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አጠናክረውታል።

እዚህ ላይ የአጎቷ ቀልድ ትዝ አለን። ሰውየው ሊያጣጥሉ የተናገሩት ነገር ምናልባት በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ለእውነት የቀረበ ሳይሆን አይቀርም። በእርግጥ ጫጫታ የጠላ ሁሉ ኦቲዝም አለበት አይባልም። ሆኖም ቤተሰብ «እሷ እንደኛው ናት» ሲል፣ ያ ራሱ ምርመራውን የሚያፈርስ ማስረጃ አይሆንም።

የጠበሉን ነገር በተመለከተ ክርክር አልገጠምንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፣ በአዲስ አበባ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፣ ብዙዎቹ የጤናውንም የመንፈሱንም ምክንያት አጣምረው ሲናገሩ ተገኝተዋል። ጠበልና ሐኪም ባንድ ቤት ይኖራሉ ማለት ነው። ጓደኛችንም ከእናትዋ ጋር ሄደች። የጨነቃት ጩኸቱና መጋፋቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ሕዝቡ ሳይበዛ ገና ጎሕ ሲቀድ ደረሱ፤ ይህን ሰዓት የመረጡት እናትዋ ናቸው፣ ምክንያቱን ማንም ሳይነግራቸው።

ሌላም አለ። አብዛኛው ሰው ኦቲዝም ሲባል የሚያውቀው ያልተናገረ ትንሽ ልጅን ነው። ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ቃሉን እንኳ የሚያውቀው ጥቂት ነበር፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ብዙ ሰው አወቀ። ግን የሚታወቀው መልክ አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሒሳብ የምትወድ፣ የምትናገር፣ ልታስተምር የምትሰለጥን ልጅ ከዚያ መልክ ጋር አትገጥምም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት ይላል፤ ሁሉም ትንንሽ ልጆች ሊሆኑ አይችሉም።

ታዲያ ምን ተደረገ? ጓደኛችን ስሙን መሸከም ትታ ነገሩን ያዘች። «ኦቲዝም አለብኝ፣ እመኑኝ» ማለት ቀረ። በሚቀጥለው ጉዞዋ ጎረቤት በሌለበት፣ ምሽት ላይ፣ ለእናትዋ ብቻ «እማዬ፣ ሙቀጫው ሳላስበው ሲመታ ደረቴ ይመታል፤ ልትወቅጪ ስትይ ንገሪኝ» አለቻት። እናት ኦቲዝምን ልታምን ላታምን ትችላለች፤ የልጇን ደረት ግን አትክድም። ካባትዋ ጋር ግን አልተከራከረችም። የሥራው ስጋት ባዶ ስጋት አይደለም፣ እኛም የለም ብለን አንዋሽም። ለማን ይነገር የሚለው የእሷ ውሳኔ ስለሆነ፣ ለአንድ አሠልጣኝ ብቻ ነገረች፤ እሳቸውም የማስተማር ልምምዱ ፕሮግራም ሲለወጥ ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይሰጧት ጀመር። ሌሎች አሠልጣኞቻችንም ይህን ቢያደርጉልን ኦቲዝም የሌለብን ሁሉ እናመሰግናለን።

ጥርጣሬ ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ይህንንም ማለት አለብን። የመስማት ችግር ወይም ብርቱ ጭንቀት ኦቲዝም ሊመስል ይችላል፤ ከስልክ ቪዲዮ አይቶ ራሱን የመረመረም አናጣም። የደም ወይም የራጅ ምርመራ ስለሌለው ባለሙያው የሚመሠረተው በሚያየውና ከልጅነት ታሪክ በሚሰማው ላይ ነው። ስለዚህ የሚጠራጠር ዘመድ ካለ ከጓሮ ከሚያማ ይልቅ አብሮ ሄዶ ቢጠይቅ ይሻላል። እናትዋ ሄዱ። ሐኪሙ ስለ ልጅነቷ ሲጠይቃቸው፣ ቆርኪ በመጠን በመጠኑ ስትደረድር ትውል እንደነበር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሌላ መንገድ ከወሰዷት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ እንደነበር ተረኩለት። በመጨረሻም ቆጣ ብለው «እሷ እኮ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ በሽታ አይደለም!» አሉት። ሐኪሙ ቃላቸውን እንዳለ ጻፈው።

ነገ እኛም ክፍል ስንይዝ ከወላጅ ፊት መቀመጣችን አይቀርም። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው የኛ ቃል ይሆናል። መምህር መርምሮ ስም አይሰጥም፤ ያየውን ግን ይናገራል፦ «ደወል ሲደወል ጆሮውን ይይዛል፤ ቤትስ እንዴት ነው?» ብሎ ወላጁን መጠየቅ ይችላል።

ጓደኛችን ባለፈው በዓል ደግሞ ሄዳ ነበር። እናትዋ ስለ ወረቀቱ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቡናው ተቆልቶ ሲያበቃ ግን ሙቀጫውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡና ከዚያ ሆነው «ልወቅጥ ነው!» ብለው ተጣሩ።