ሃዋርድ ትያትር ቤት እንደ ገና ተከፈተ

ዋሽንግተን ደርሶ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ በዘጠነኛው ጎዳና እንጀራ መብላቱን ሳይነግረን አይቀርም። ከዚያ ከምግብ ቤቶቹ ሠፈር ጥቂት መንገድ ተሻግሮ በ«ቲ» ጎዳና ላይ የቆመውን አሮጌ ሕንጻ ግን ልብ ብለው የሚመለከቱት ጥቂቶች ናቸው። ስሙ ሃዋርድ ትያትር ቤት ይባላል። (ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ትያትር ቤቱ በ1910 ሲከፈት ከ1,200 በላይ ተመልካች ይይዝ ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማዋ መካከል የነበሩት አዳራሾች ጥቁሩን ሰው ወይ ከበር ይመልሱታል፣ ወይ ከሰገነቱ ጥግ ያስቀምጡታል። ሃዋርድ ግን ለእርሱ የተሠራ ነበርና በአቅራቢያው ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነው የመንግሥት ጸሐፊም ቲኬቱን ቈርጦ ከፊት ረድፍ ይቀመጥ ነበር።

በ1929 የገንዘብ ችግር በደረሰ ጊዜ አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ቤተ ጸሎት ሆነ። በ1931 እንደ ገና ሲከፈት መድረኩን የያዘው የከተማው ተወላጅ ዲዩክ ኤሊንግተን ነበር። ይህ ሙዚቀኛ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን መሸለሙን፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር መጫወቱን የሚያስታውሱ አሉ። እርሱ በእኛ ከተማ ሲጨበጨብለት ሃዋርድ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

የተዘጋበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የዘር መለያየት ሥርዓት ሲቀር ጥቁሩ ተመልካች ሌላውንም አዳራሽ መምረጥ ቻለ፤ ይህማ ደግ ነገር ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ጊዜ ግን በሠፈሩ ረብሻ ተነሣ፤ ሱቆች ተቃጠሉ፤ ገበያው ቀዘቀዘ። በ1970 በሩ ተዘጋ። በኋላ ለመክፈት ቢሞከርም አልሰመረም፤ ጣራው እያፈሰሰ ብዙ ዘመን ቆየ።

እድሳቱ 29 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቶ በሚያዝያ 2012 ተመረቀ። በ1941 ፊቱን የሸፈነው ልስን ተነሥቶ የጥንቱ መልክ ብቅ አለ፤ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ከውስጥ ግን የተደረደሩት ወንበሮች ቀርተው እራት የሚበላባቸው ጠረጴዛዎች ገቡ። ለገቢው መልካም ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ጸሐፊ ዛሬ ቢመጣ ደመወዙ ከፊት ያስቀምጠው እንደ ሆነ ግን ያጠራጥራል።

ይልቁንም የሚያሳስበው ሠፈሩ ነው። የቤት ኪራይ ሰማይ ስለ ነካ ከድሮዎቹ ጥቁር ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ሜሪላንድ ለቀው ሄደዋል፤ ከእኛም ሰዎች ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የገቡ ጥቂት አይደሉም። ድሮ በእግራቸው ይመጡበት ወደ ነበረው አዳራሽ ዛሬ በመኪና መጥተው፣ ማቆሚያ ፍለጋ ሠፈሩን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ።