የፈተና ሰሞን፦ የምትይዢው ልጅ ሲያስቸግር

ሊባኖስ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጁን ወር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት አራት ሳምንታት ልጅ ለምትይዝ እህት ከባድ ናቸው። ደህና የነበረው ልጅ ይሳደባል፣ ሳህን ይገፋል፣ ደብተሩን ይወረውራል፣ አንዳንዱም ይማታል። ለምክር የሚመጡ እህቶች «ጠላኝ» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ጥላቻ አይደለም። ሒሳብና ሳይንስ የሚማረው በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ አፉን የፈታው ግን በአረብኛ ነው። ኢምቲሃን ሲደርስ እናቱ ትጮኽበታለች። ታላቁ የባካሎርያ ተፈታኝ ከሆነማ ቤቱ ሁሉ ይጨነቃል። እናቱ ላይ መመለስ ስለማይችል አንቺ ላይ ያወርደዋል። ያማል፤ ግን ባንቺ ጥፋት የመጣ አይደለም።

ከትምህርት ቤት እንደገባ «ደብተር አውጣ» አትበዪው። ጫማውን ያውልቅ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይብላ፣ ትንሽ ይረፍ። በየቀኑ ቅደም ተከተሉ ያው ይሁን። ሲጮህ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ አረብኛሽ ጥቂት ቢሆንም «ኻላስ»፣ «ሽዋይ ሽዋይ» ይበቃል። ሁለት ነገር አስመርጪው፦ መጀመሪያ መታጠብ ወይስ መብላት? ራሱ ሲመርጥ ጭቅጭቁ ይቀንሳል። በቸኮሌትና በስልክ ማባበል ለዛሬ ይሠራል፤ ነገ ግን ዋጋው ይጨምራል።

ሲማታ እጁን አትጠምዝዢ፣ አትቆንጥጪው። አገራችን ቁንጥጫ እንደ ምክር ይቆጠራል፤ እዚህ ግን ክንዱ ላይ የቀረች ትንሽ ምልክት ፖሊስ ጣቢያ ልታደርስሽ ትችላለች፣ ቃልሽን የሚያስተረጉምልሽም ላይኖር ይችላል። «ማ ትድሮብ» (አትማታ) በዪውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በዪ። ትንሽ ልጅ ከሆነ ከዓይንሽ አታርቂው፤ የበረንዳውን በር ዝጊ።

በዚያው ቀን፣ ልጁ በሌለበት፣ ለማዳም ንገሪያት። «ልጅሽ ባለጌ ነው» አትበያት፤ የሆነውን ብቻ ተናገሪ፦ «ዛሬ ሒሳብ ሲሠራ አለቀሰ፣ ከዚያ መታኝ።» እናት ልጇ ሲሰደብ አትሰማም፤ መጨነቁን ስትነግሪያት ግን ትሰማለች። እሱ ፊት «እኔ በሌለሁበት እሷን ትሰማለህ» እንድትልልሽም ጠይቂያት። ይህን ለማለት እንቢ የምትል ማዳም ሥራሽን እጥፍ እያደረገችው ነው። ማስጠናትም ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ቢወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ አይደለሽም።

ጎረምሳው ሰውነትሽን ከነካ ወይም ማታ ወደምትተኚበት ከመጣ ግን ይህ የፈተና ጭንቀት ሳይሆን ወንጀል ነው። ለማዳም ነግረሽ ብቻ አትተዪው። ለምታምኛት እህት፣ ቤይሩት ላለው ቆንስላችን ወይም ይህን መጽሐፍ ለሰጡሽ ሰዎች አሳውቂ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ተራራው መንደር ይወጣሉ፤ ልጁም እዚያ ሲሮጥ ይበርድለታል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የዕረፍት ቀንሽን ከማዳም ጋር ተነጋገሪ። መደበኛው የሥራ ውል በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል፤ እንግዳ በሚበዛበት የተራራ ቤት ይህን የሚያስታውስልሽ የለም።